ዟሪት ከገንደ ሎሚ ስትወጣ

የገንደ ሎሚ ሴት ወደ ዕድር ቤት ስትገባ ብረት ይዛ አትገባም፤ ከያዘች ብረቱ ይዟት ይገባል። አምና ከሐረር የመጣች ሙሽራ ምክር አልሰማ ብላ፣ ጸጉሯ ላይ የወጋጋችው ሽቦ ሁሉ አንድ በአንድ ተነቅሎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈና በሠርጓ ማግስት እንደ እብድ ተንጨባራ ወጣች። ስለዚህ በሠፈሩ ማንኪያው የቀንድ፣ ማበጠሪያው የእንጨት፣ የቀሚስ ቁልፉ የአጥንት ነው። ሕፃኑም አፉን ሲፈታ መጀመሪያ "እማ" ይላል፣ ቀጥሎ "ውኃ"፣ ቀጥሎ "ብረት የለኝም"።

ሜላትም ያን ጠዋት እንደ ልማዷ ኪሷን ዳበሰች፣ ጆሮዋን ነካች፣ ከዚያ የዕድር ቤቱን በር ከፍታ ዟሪትን "እንዴት አደርሽ?" አለቻት። የቀለበቷ ጠባቂ እሷ ናት።

ዟሪት ቀለበት ናት። የጣት አይደለችም፤ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚያቅፋት፣ እንደ ከሰል የጠቆረች፣ እንደ ሸክላ የምትሰበር ክብ ናት። ዙሪያዋን የነሐስ መንጋጋ ነክሶ ይዟታል። ውስጧ ኮረንቲ ይዞራል። ሜላት ልጃገረድ ሳለች ያስገቡት ኮረንቲ እስከ ዛሬ እየዞረ ነው፤ አይደክም፣ አይሞቅ፣ አያልቅ። ሰው ከጣሪያው የተረፈውን የፀሐይ ኃይል ያጎርሳታል፤ ሠርግ ወይ ለቅሶ ሲመጣ ከእሷ ይቀዳል። እስክትደርቅ የቀዳ ግን የለም። የድሮ ሽቦ ኮረንቲውን በየኬላው እያስቆመ ይቀርጠው፣ ቀረጡንም ሙቀት አድርጎ ይበላው ነበር። ዟሪት ላይ ኬላ የለም።

እንዴት ብሎ ለሚጠይቅ የተማሩት ብዙ ያወራሉ። ሜላት አጭር ነው መልሷ።

"በበዓል ዋዜማ ቀፊራ ገበያ ገብተሽ ታውቂያለሽ? ሰው በሰው ላይ ነው። አንዱ ክርኑን ሲያነሳ የሌላውን ዓይን ይወጋል፤ ሁሉም እኔ ልቅደም ሲል ሁሉም ይቆማል። ኤሌክትሮን የሚሉትም እዛ ጥቁር ነገር ውስጥ እንደዛ ይጋፋል። መንጋጋው ጠበቅ ሲያደርጋቸው፣ መላወሻ ሲያጡ፣ ጥንድ ጥንድ ይሆኑና ሁሉም ባንድ እግር ይነሳል። የሠርግ ሆታ በይው። ሆታን ማን ያቆመዋል?" ትልና፣ ጋሽ ናቲ አጠገቧ ካለ ደግሞ ትጨምራለች፤ "እንደ ወንድ ነው፣ ካላስጨነቁት አይሠራም።"

ጋሽ ናቲ የመንጋጋውን ብሎን የሚያጠብቅ የሠፈሩ ሽማግሌ ነው። ናቲ በልጅነቱ የሕፃን ስም ነበር፤ ሜላትም ፌቨንም እንደዛው። አሁን ናቲ ማለት ጥርሱ ያለቀ ሰው ማለት ነው። ዛሬ የሚወለዱት ደግሞ ደብሪቱ፣ አስካለች፣ ወርዶፋ ይባላሉ።

ገንደ ሎሚ እንደምትፈርስ የነገራቸው ግድግዳው ነው። በዚህ ዘመን የመንግሥት ጉዳይ በግድግዳ ነው የሚነገረው። "ውድ ነዋሪዎች፣ ሠፈራችሁ ለመናፈሻ ተፈልጓል" አለ፤ ድምፁ ማር ነው። ግድግዳ ሰው ሲያስወጣ ትሁት ነው። ቀጥሎም ደንቡን ተናገረ፤ ቀለበቱ እየዞረ አዲሱ ቦታ የደረሰ ዕድር በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል፣ አንድ ሕንፃ ለብቻው ይሰጠዋል፣ ጎረቤት ከጎረቤት አይለያይም። ቀለበቱ የቆመበት ዕድር እንደ ፈረሰ ይቆጠራል፣ ሰዎቹም በዕጣ በከተማው ይበተናሉ።

ይሄ ለማስፈራራት የተባለ አልነበረም። የታችኛው ሠፈር ሰዎች ቀለበታቸውን እንደ ሶፋ በመኪና ጭነው ሲሄዱ ዙሩ መንገድ ላይ ቆመባቸው። አሁን የዚያ ሠፈር ሁለት እህትማማቾች አንዷ ወዲያ ጫፍ፣ አንዷ ወዲህ ጫፍ ናቸው፤ የሚተያዩትም ግድግዳው ሲፈቅድላቸው ነው።

ሜላት ባል የላት፣ ልጅ የላት። ያላት ፌቨን ናት። ፌቨን በግድግዳ የምትዋሰናት ጎረቤቷ ናት፤ ሁለቱ አብረው ያረጁት በጠብ ነው። ጠዋት ጠዋት ፌቨን ግድግዳውን በጡጫ ትመታና "ሞትሽ?" ትላለች። ሜላትም "ካንቺ በፊት? አታስቢው!" ትላለች። የሁለቱም ቀን የሚጀምረው እንደዚህ ነው። ዕጣው ሜላትን ከማያውቃት ሰው ጎን ቢጥላት፣ "ሞትሽ?" የሚላት ማን ነው? ይሄን ለማንም አልተናገረችም። ለፌቨንማ ሞታም አትነግራት።

የመዛወሩ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ የተላከችው ልጅ ኢንጂነር አስካለች ናት፤ ፊቷ ገና የልጅ ነው፣ አነጋገሯ የአዲስ አበባ። በእጇ መስታወት የተገጠመለት ሳጥን ይዛለች፤ ውስጡ መርፌ አለ። መርፌው ወደ ዟሪት ካየ ዙሩ አለ፤ ፊቱን ወደ ሰሜን ካዞረ አለቀ።

"እትዬ ሜላት፣ ተዘጋጅተዋል?"

"ማንን ነው?" አለች ሜላት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ። "ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባል ሰው የለም፣ ልጄ። አንቺ በይኝ።"

መኪና ብረት ስለሆነ ዟሪት በቃሬዛ ተጫነች። ዕድር ቃሬዛ መሸከም ማንም አያስተምረውም፤ አራት ትከሻ ይገባል፣ አራት ትከሻ ይወጣል፣ ቃሬዛው አይነቃነቅም። የዛሬዋ ግን በሕይወት ያለች ስለሆነች ለቅሶው በዘፈን ተተካ። እርጥብ ነጠላ አለበሷት፤ ሙቀት አትወድም። የድሬ ፀሐይ ሳትከር መድረስ ነበረባቸው።

"እኔ ስሞት እንዲህ በዘፈን ተሸከሙኝ" አለች ፌቨን።

"አንቺን የሚሸከም ቃሬዛ ገና አልተሠራም" አለቻት ሜላት።

ደቻቱ ወንዝ ደርሰው በደረቁ አሸዋ ላይ ሲሻገሩ ባቡሩ በድልድዩ በላያቸው አለፈ። ሐዲዱን አይነካም፤ እንደ ሐሜት ነው፣ ድምፅ ሳይሰማ ደርሶ ሳይሰማ ያልፋል። አስካለች በየጥቂት እርምጃው ሳጥኗን ታያለች። መርፌው ዟሪት ላይ ዓይኑን ተክሏል፤ እንደ ዘበኛ ነው።

ማዶ ግን መንገዱ ተዘግቶ ነበር። የገንደ ተምር ዕድር ሰዎች ሰሌን አንጥፈው፣ ተሰልፈው፣ የራሳቸውን ቀለበት በቃሬዛ አውጥተው ቆመዋል። ከፊት የቆመችው አዴ ሂክማ ናት፤ የዚያኛው ዕድር ሹም፣ ሰፊ ሴት፣ ሰፊ ሳቅ። ሜላትና ሂክማ ድሮ አንድ ሠርግ ላይ የማን ዘፈን ደመቀ በሚል ተጣልተው፣ እስካሁን ሰላምታቸው በአገጭ ነው።

"ሜላት! በደጃችን ልታልፊ ነበር? እንደ ሌባ?"

"ሌባ በዘፈን አይሄድም፣ ሂክማ።"

"እንግዲያው ቀለበቶቹ ሰላም ይባባሉ! ዳግም ላይተያዩ ነው፤ ይሳሳሙ!"

እልልታው ቀለጠ። አስካለች መሀል ገባች።

"አይሆንም! አንድ ክንድ ርቀት። ከዛ በታች መጠጋት የለባቸውም።"

"ሰላምታ በክንድ ይለካል እንዴ?" አለች ሂክማ፤ የሷ ሰዎች ሳቁ።

ሜላት ሳቁን ሰማች። ሳይሳሙ ማለፍ ማለት ነገ ቀፊራ ላይ "ገንደ ሎሚ ኮራች፣ ተስማ መሄድ ጠላች" መባል ነው። ይሄን ደግሞ ከሂክማ አፍ! ልጅቷ የምትለው ለልጅቷ እውነት ይሆናል፤ ጨዋ ሰው ግን ጉንጩን አይነፍግም።

"አስጠጉ!" አለች።

አስጠጉ። ዟሪት ግን አልጠጋ አለች። የማይታይ እጅ ደረቷን ይዞ ወደ ኋላ ገፋት፤ ተሸካሚዎቹ ተንገዳገዱ።

"አልሳምም አለች!" ብሎ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

"የናንተዋ ናት የጠላችን?" አለች ሂክማ።

"የኔዋ ዓይን አፋር ናት! ግፏት!"

ጋሽ ናቲ ትከሻውን ሰጠ፣ ወንዶቹ ከኋላ ገፉ፣ ከወዲያም ገፉ። አንድ ጉንጭ ተሳሙ፤ እልል! ሌላ ጉንጭ፤ እልል! አስካለች "ተዉ! ፊት ለፊት ተቃርነው ነው! በተገፋፉ ቁጥር ዙሩ ይበረታባታል፣ አትችለውም!" እያለች ትጮሃለች፤ በዚያ እልልታ ውስጥ ማን ይሰማታል? ሦስተኛውን ሳሙ። እዚህ ላይ ሰው ያቆማል። ሂክማ ግን "ለገንደ ሎሚ አራተኛ ይገባታል!" አለች። ሜላት በክብር የምትበለጥ ሴት ነች እንዴ?

"አምስተኛም ይገባል! ግፉ!"

ጧ! አለ።

መገፋፋቱ በአንዴ ጠፋ፤ የተገፋው ሁሉ ወደ ፊት ተደፋ፣ ሁለቱ ዕድር አንዱ ባንዱ ላይ ተከመረ። እርጥቡ ነጠላ ተንጨሰጨሰ። አንድ የቆየ ሽታ መጣ፣ ሽቦ የሚግልበት የድሮ ምድጃ ሽታ፤ ሽማግሌዎቹ ለዩት፣ ወጣቶቹ አፍንጫቸውን ያዙ። የገንደ ተምር ሰዎች ደንግጠው ቀለበታቸውን ወደ ኋላ አራቁ። አስካለች ሳጥኗን አየች። መርፌው ተንቀጠቀጠና ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ።

ዟሪት ቆመች።

እልልታ እንዲህ ሲሞት ሰምታችሁ አታውቁም። ፌቨን አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። ሜላት ስድቧን ጠበቀች፤ "አንቺ ኩራተኛ፣ አንቺ ደረቅ" እስክትላት። ፌቨን ምንም አላለችም። ያ አፍ ዝም ሲል ሜላት አይታ አታውቅም፤ ጧ ከማለቱም ከሽታውም ይሄ ነው ያስፈራት።

"መናገር አለብኝ" አለች አስካለች ቀስ ብላ። የእጅ አንጓዋ ላይ ያለውን መናገሪያ ወደ አፏ አስጠጋች፤ እዚያ ላይ "ቆማለች" ካለች ግድግዳው ሁሉ ይሰማል፣ ዕጣውም ይወጣል።

"ቆይ!" አለች ሂክማ። ነጠላዋን እያራገፈች መጣች። ሜላት ለሽሙጥ አንገቷን አቀናች። ሂክማ ግን ያየችው አስካለችን ነው። "አንቺ ልጅ፣ በሴት አያቶቻችን ዘመን የሰው እሳት ሲጠፋ ምን ያደርግ ነበር?"

"እ? አላውቅም።"

"ገል ይዞ ጎረቤት ሄዶ ይጭር ነበር። እሳቱ ጠፋ ብሎ ቤቱን የሚያፈርስ የለም። ከኛዋ አይጫርም?"

አስካለች ወደ ሂክማ ዞረች። እጇ ወረደ። ዓይኗ ከአንዱ ቃሬዛ ወደ ሌላው ሄደ። ከንፈሯ ለብቻው ሲያሰላ ይታያል።

"ይጫራል" አለች በመጨረሻ፤ ራሷም የገረማት ትመስላለች። "ኸረ በደንብ ይጫራል! መንጋጋዋ ላልቶ፣ ቀዝቅዛ፣ ከናንተዋ ጉያ ትቀመጥ። እዛው እንዳለች መንጋጋው ይጥበቅ። ከዛ ስናለያያቸው..." ሳቀች፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። "ዙሩ የሚጀምረው ስንለያያቸው ነው።"

"ከኛ የሚጎድልብንስ?" አለ ከኋላ አንድ የገንደ ተምር ሽማግሌ።

"ምንም! ከሷ የሚቀነስ የለም። ዟሪት ውስጥ የሚገባው ለማለያየት የምትጎትቱት ጉልበት ነው። ወገባችሁ ነው የሚከፍለው።"

"እሳት መጫር ማለት እሱ አይደል" አለች ሂክማ። "ሰጪው አይጎድልበት።" ከዚያ ወደ ሜላት ዞረች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ግን እሳት ሳይለምኑት አይሰጥም።"

ሁሉም ወደ ሜላት ዞረ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ሜላት በዕድሜዋ ከማንም "ስጪኝ" ብላ አታውቅም። ጨው ሲያልቅባት አልጫ በልታለች። ስትታመም ውኃ ላለመለመን ተነስታ ወድቃለች፤ ያነሳቻት ፌቨን ናት፣ ያውም እየተሳደበች።  ፌቨንን አየቻት። ፌቨን አሸዋ በጣቷ ትጭራለች፤ ቀና አላለችም።

"ሂክማ" አለች ሜላት። ድምፁ የሷ አልመስል አላት። "እሳቴ ጠፍቶብኛል። እሳት ስጪኝ።"

ሁሉም ሂክማ እስክትኮፈስ ጠበቀ። ሂክማ የራስ ሻሿን ፈታችና "ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ውኃ!" አለች።

ከዚያማ ሠፈር ከሠፈር አልተለየም። ወንዶቹ የደቻቱን አሸዋ በእጃቸው ጫሩት፤ ወደ ታች ገባ ሲሉ ውኃው ፈነጠቀ። ሴቱ ሻሹንም ነጠላውንም እየነከረ ዟሪትን አለበሳት፤ ስትሞቅ ይገለብጣል፣ ደግሞ ይነክራል። አስካለች ጫማዋን አውልቃ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ጭቃ ውስጥ ገባች፤ ያ የአዲስ አበባ አነጋገሯ የት እንደገባ እንጃ፣ "ነይ ወዲህ አፍሺው! አንተ ዞር በል!" ትላለች። ጋሽ ናቲ ብሎኑን አላላ። ዟሪት በዝግታ ከገንደ ተምር ቀለበት ጉያ ገባች፤ አሁን አልገፋችም፣ እንደተኛ ልጅ ዝም ብላ ተደገፈች።

"አጥብቅ!" አለች አስካለች።

ጋሽ ናቲ አጠበቀ። ደም ሥሩ ተገታተረ።

"እንደ ወንድ አስጨንቃት!" አለች ሜላት፤ ምላሷ ተመልሶላታል።

"አሁን ጎትቱ! ቀስ እያላችሁ፣ ግን አትልቀቁ!"

ቅድም አልሳምም ያለችው አሁን አልላቀቅም አለች። ገንደ ሎሚ ወዲህ ይስባል፣ ገንደ ተምር ወዲያ ይስባል፣ ቀለበቶቹ መሀል ላይ እንደ ሁለት ሙጭጭ ያሉ ሚዜዎች ተቃቅፈዋል። ጉልበት ዜማ ይፈልጋል፤ ሜላት ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ልቀቂያት ሂክማዬ፣ ትሂድ ወደ ቤቷ፣
ከጎረቤት ምድጃ፣ ተጫረ እሳቷ!"

ሂክማ በዘፈን የምትረታ አይደለችም፤ ከወዲያ መለሰች።

"ጎትቱ ልጆቼ፣ ጎትቱ በርቱና፣
ከጎረቤት መራቅ፣ ቀላል አይደለምና!"

ሆ! እያለ ሰው በአንድ እግር ተነሳ። ስንዝር ተለያዩ። ሆ! ክንድ ተለያዩ። ፌቨን መቼ ከአሸዋው እንደተነሳች አይታወቅም፣ የሜላትን ቀሚስ ከኋላ ይዛ ትጎትታለች፤ ሜላት ደግሞ የቃሬዛውን እግር። ሆ! አለና መሀሉ እንደ ላስቲክ ላልቶ ለቀቀ፣ ሁለቱም ዕድር በየፊናው አሸዋ ላይ በቂጡ ተዘረገፈ። ተሸካሚዎቹ ብቻ አልወደቁም፤ ዕድር ቃሬዛ አይጥልም።

አስካለች ሳጥኗን አንስታ ወደ ዟሪት ተራመደች። መርፌው ከሰሜን ፈቀቅ አለ። ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዞሮ ወደ ዟሪት አየ፤ በፊቱ ሳይሆን በጭራው።

"ትዞራለች!" አለች ልጅቷ። "ግን... ተገልብጣለች። በፊት የምትዞርበት ተቃራኒ ነው፤ የገንደ ተምርን አዟዟር ይዛለች።"

"ደንቡ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ ይላል?" ሜላት ጠየቀች።

አስካለች አሰበች። "ስለ አቅጣጫ የሚናገር ደንብ የለም።"

"እንግዲያው እንደፈለገች ትዙር!"

እልልታው ከደቻቱ ተነስቶ እስከ ከዚራ ሠፈር ድረስ ተሰማ ይላሉ። የገንደ ተምር ሰዎችም አንሄድም አሉ፤ "ያስጫርነውን እሳት ቤቱ ሳይገባ አንመለስም" ብለው ቃሬዛውን ከተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ ተቀበሉ። ፀሐይ ስትከር ሁለት ሠፈር ነጠላውን እንደ ድንኳን በዟሪት ላይ ዘርግቶ፣ ከሥሩ እየተጋፋ፣ እየዘፈነ፣ አዲሱ ሕንፃ ደጅ ደረሰ።

አስካለች የእጅ አንጓዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ጸጉሯ ላይ ጭቃ ደርቋል።

"ገንደ ሎሚ" አለች። "ደርሳለች። ትዞራለች።"

 የሕንፃው ግድግዳ በማር ድምፁ "እንኳን ደህና መጣችሁ" አለና በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ።

ወንበር የለ፣ ምንጣፍ የለ። ሁለት ዕድር ባዶ ወለል ላይ ተንዘራፍቶ የተቋጠረውን ሁሉ ፈትቶ ሲበላ፣ ሜላትና ፌቨን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጎን ለጎን የተሰጧቸውን ሁለት ክፍሎች ሊያዩ ወጡ። አንዱ ሰገነት አለው፤ አንዱ የለውም።

"ሰገነቱ የኔ ነው" አለች ፌቨን። "ወገቤ አየር ይፈልጋል።"

"ወገብሽ የሚፈልገው ዝምታ ነው! ቀለበቷን ያዳነ ማን ሆኖ?"

"የገደላትስ ማን ሆኖ? አምስተኛ! አምስተኛ አለች፣ አምስት ያንቀጥቅጥሽ!"

"አንቺ አሸዋ ስትጭሪ እኔ አንገቴን ሰብሬ..."

ጩኸቱ ደረጃውን ወርዶ አስካለች ጆሮ ደረሰ። ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት፣ አሳቢ ናት። ደረጃውን እየሮጠች ወጣችና መሀላቸው ቆመች።

"እባካችሁ። አለመግባባቱ እንደዚህ ከሆነ ችግር የለም፣ አንዳችሁን ወደ ሌላ ሕንፃ ማዛወር እችላለሁ። ሰገነት ያለው አለ።"

 ፌቨን ወደ ሜላት ተጠጋች፤ ሜላትም ወደ ፌቨን። ትከሻ ለትከሻ ሆነው ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት።

"አንቺ ልጅ" አለች ፌቨን፣ "ምን በደልንሽ?"

"ማን ተጣላ አለሽ?" አለች ሜላት። "እየተጫወትን እኮ ነው።"